ሲነሳ አትዩት፤ ሲወርድ እዩት

የመጋዘን በር ላይ ያለውን አሮጌ ዶክ ሌቨለር፣ ማለትም የመጋዘኑን ወለል ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን የብረት ድልድይ፣ ከሞላ ወደ ሃይድሮሊክ የቀየረ ባለሙያ ሥራውን ሲያስረክብ መጀመሪያ የሚያሳየው ቁልፉን ተጭኖ ድልድዩን ማንሳት ነው። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ሰንሰለት ሲጎትት ወገቡ ያለቀው ጫኝና አውራጅም ይመርቃል። እኔ ግን ማንሳቱን ከቁም ነገር አልቆጥረውም፤ ፓምፕ እስካለ ድረስ የትኛውም ብረት ይነሳል።

የአሮጌውን ጠባይ እናስታውስ። ከሥሩ የተወጠሩት ሞላዎች ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፉታል። ሰንሰለቱ ተስቦ መያዣው ሲለቀቅ ይነሳል፤ ሠራተኛው ደግሞ ላዩ ላይ ተራምዶ በክብደቱ ያወርደዋል። ሃይድሮሊኩ ተቃራኒው ነው፤ የሚነሳው በዘይት ግፊት፣ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ሞላዎቹን ሳያወጣ ሲሊንደር የገጠመ ሰው ድልድዩን ለሁለት ጌታ እንዲገዛ አድርጎታል።

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ። «ፓምፑን ያግዙታል» ተብለው ሁለት ሞላዎች ቀርተው ነበር። ባዶውን ሲሞከር እንደ ላባ ተነሳ። በኋላ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ተጠጋ። ፎርክሊፍቱ ሲገባበት የመኪናው ባሌስትራ ረገበና ወለሉ ዝቅ አለ፤ ድልድዩ ግን አልተከተለውም። ከንፈር የምንለው ተጣጣፊ ብረት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀረ። ፎርክሊፍቱ ስኳር ይዞ ሲመለስ ጎማው ከጠርዙ ጋር ተላተመ፤ ጆንያዎቹም መሬት ላይ ተዘረገፉ። ከዚያ ወዲህ ፎርክሊፍቱ መኪናው ውስጥ እያለ ጎንበስ ብዬ ከከንፈሩ ሥር አያለሁ። ብርሃን ከታየኝ ሥራው አላለቀም።

ሁለተኛው የማየው ቬሎሲቲ ፊውዝ የሚባለውን ትንሽ ቫልቭ ነው። ሹፌር ሳይነግር መኪናውን ቢያንቀሳቅስ፣ ፎርክሊፍት የቆመበት ድልድይ በአንዴ ይወድቃል። በአሮጌው ይህን የሚከለክሉት ከሥር ያሉት እግሮች ነበሩ። በሃይድሮሊኩ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲፈጥን ይህ ቫልቭ ይዘጋና ድልድዩን ባለበት ያቆመዋል። ቦታው ግን ወሳኝ ነው፤ በቀጥታ ሲሊንደሩ አፍ ላይ መታሰር አለበት። ለሥራ ይመቻል ተብሎ ዘይት ከሚያስተላልፈው ጎማ ወዲያ ማዶ ፓምፑ ጋ ከታሰረ፣ ጎማው የፈነዳ ቀን ምንም አይጠቅምም።

ከዚያ ባትሪ ይዤ የሲሊንደሩን ዘንግ አያለሁ። ዘንጉ እንደ መስታወት የሚያበራ ክሮም ነው። በያጁ እርጥብ ጨርቅ ሳይጠቀልልበት በአጠገቡ ከበየደ ፍንጣሪው ይለጠፍበታል፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ወደ ውስጥ በገባች ቁጥር ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ትቆርጣለች። ዘይት ማንጠባጠብ የሚጀምረው ከወራት በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ በያጁ ላይ አይላከክም። እኔ የበያጅን ጨዋነት የምለካው በብየዳው መስመር ውበት ሳይሆን በዚህ ዘንግ ንጽሕና ነው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ሞተሩ ባለ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ከሆነ፣ መስመር ተጠግኖ ሁለት ፌዝ ሲቀያየር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ድልድዩ ግን ንቅንቅ አይልም። አስተዋይ ባለሙያ የፌዝ መቆጣጠሪያ አስቀድሞ ይገጥማል። መብራት ሲጠፋስ? አሮጌው በመብራት መጥፋት ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጀነሬተር ወይም የእጅ ፓምፕ እንደሚያስፈልግ ሳይነግር ዋጋ የሰጠ ሰው ግማሹን ሥራ ደብቋል።

ሃይድሮሊክ ድልድዩን እንደማያረዝመውም ይታወቅ። የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 1398 የሚፈቅደው ተዳፋት እስከ 12.5 በመቶ ነው፤ ርዝመቱ 2.5 ሜትር ለሆነ ድልድይ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መኪናው ከዚያ በላይ ዝቅ ወይም ከፍ የሚል ከሆነ ችግሩን ፓምፕ አይፈታውም። የኋላ ማጠፊያው የተሰነጠቀ፣ ወለሉ በዝገት የሳሳ ድልድይ ላይም አዲስ ሲሊንደር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት የወጡት ሞላዎች የት እንዳሉ ጠይቁ፤ አስወጥታችሁም በዓይናችሁ ቁጠሯቸው።