መንገድ ብቻውን ያበለጽጋልን?

በማደግ ላይ ባሉ አገሮች አውራ ጎዳናና አይሮፕላን ማረፊያ ከተሠሩ ብልጽግና ተከትሎ ይመጣል የሚለው አሳብ በመካከላችን ዘወትር ይሰማል። አሳቡ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ጎደሎ መሆኑን ላስታ ታስረዳናለች።

ላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ከወልድያ ወደ ወረታ ከሚያልፈው ጎዳናም በጋሸና በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ትገናኛለች። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት እንግዳው የሚመጣው በነዚሁ ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰ ጊዜ እንግዳው ቀረ፤ ከርሱም ጋር የሆቴሉና የአስጎብኚው ገቢ ነጠፈ። መንገዱ እንግዳ የሚያስገባውን ያህል የባላገሩን ማርና በግ አያወጣምና፣ ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ገቢ አልተገኘም። በየገደሉ ላይ ያለው ገበሬ ሸክሙን እስከ ጎዳናው የሚያደርሰው በአህያ ነው።

ይህን ስንል መንገድ አይሠራ ማለታችን አይደለም፤ በድርቅ ዘመን እህል የሚደርሰው በመንገድ ነውና። የምንለው፣ ገንዘብ ሲመደብ እስከ መንደሩ የሚዘልቅ ጥርጊያ፣ እርከንና መስኖ አብረው ይታሰቡ ነው። የመንገድ ጥቅም በገባው እንግዳ ብቻ ሳይሆን፣ ከላስታ ተጭኖ በሚወጣው ምርት ሊመዘን ይገባል።