ምርት ሦስት ሺህ ዓመት፦ የጭሰኛው ድካምና የቡናው አገር

ከኃይሌ ገሪማ ፊልሞች ሁሉ የላቀው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለርስቱ ተቀምጦ ያዝዛል፤ ጭሰኛው ሲያርስ ይውላል፤ የጌታዋን ላም ልታድን የሞከረችው እረኛ በጎርፍ ትወሰዳለች። አዘጋጁ የሥራውን ርዝመት ሳያሳጥር በማሳየቱ ድካሙ ለተመልካቹ ይተርፋል።

ከፋ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተያዘ በኋላ የገባር ሥርዓት እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ዙሪያ ዘልቋል። በዚያ ግን ጌታና ገባር በቋንቋም ይለያዩ ነበር፤ ፊልሙ ሁለቱንም በአማርኛ ያናግራቸዋል። ስለዚህ የቡናው አገር ተመራማሪ የጭቆናውን ክብደት ከፊልሙ፣ መልኩን ግን ከአገሬው አንደበት ሊማር ይገባዋል።