መካከለኛው ዙር የት ገባ?

ስለ ሯጭ ወጣት የተጻፈ ልብ ወለድ ሲወደስ የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «መጨረሻው አስለቀሰኝ»። አንባቢው ያለቀሰው ሪባን ሲበጠስ፣ ባንዲራ ሲውለበለብ፣ እናት ከተመልካች መሀል እልል ስትል ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ማንንም ያስለቅሳል፤ የደራሲውን ችሎታ ግን አይመሰክርም። ጀማሪ ደራስያን ይህን ውዳሴ እየሰሙ ማሳረጊያ ብቻ ማሳመር መልመዳቸው ያሳዝናል።

የፊደል ግድፈት፣ የሽፋን ሥዕልና የተንዛዛ ምልልስ ለማንም ስለሚታዩ እዚህ ቦታ አይፈጁም።

ዋናው ጉድለት የጎደለው መካከለኛ ዙር ነው። 10 ሺህ ሜትር በ400 ሜትር መም 25 ዙር ነው። ደካማ ደራሲ የመጀመሪያውን ዙር በዝርዝር ይጽፋል፤ ከዚያ «ዙሮቹ ሳይታወቀው አለፉ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሻገርና የመጨረሻው ደወል ላይ ይደርሳል። አንባቢው 23 ዙር ተሰርቆበታል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው እኩሌታው ላይ ይክፈት። ማን እየመራ እንደሆነ፣ የልጁ ትንፋሽ የት ላይ እንደተቆራረጠ፣ ጎኑን ሲወጋው ምን እንዳሰበ ካላገኘ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ይመልስ።

ይህ የግል ምርጫ አይደለም፤ ሩጫው ራሱ የሚያስተምረው ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ምሩፅ ይፍጠር 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ፣ በሕዝብ ዘንድ የቀረው ትዝታ «ማርሽ ቀያሪው» 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው መፈትለኩ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቡድን ጓደኞቹ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከእሱ ጋር እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲጨምሩና ሲቀንሱ የፊንላንዶቹን እግር አድክመዋል። መሐመድ ነሐስ ወሰደ፤ ቶሎሳ 4ኛ ሆኖ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። ያንን ሩጫ ጽፎ ቶሎሳ ቆቱን የዘለለ ደራሲ ምሩፅንም አልጻፈም።

በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትርም እንዲሁ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር 6 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ከሌሎቹ ተነጥላ ስትወጣ ደራርቱ ቱሉ ተከተለቻት፤ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስም አልቀደመቻትም። ዙር በዙር ከአንዲት ሴት ጀርባ ተጣብቆ መሮጥ ምን ያህል ትዕግሥት፣ ምን ያህል ስሌት እንደሚጠይቅ መጻፍ ነው የደራሲ ሥራ። በሲድኒ ኦሊምፒክም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ያቺን ቅጽበት የወለዳት ከ27 ደቂቃ በላይ የፈጀ ልፋት ነው።

ይህን የተረዱ ደራስያን አሉ። እንግሊዛዊው አለን ሲሊቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «የረጅም ርቀት ሯጩ ብቸኝነት» የታሪኩ ነፍስ ያለችው የማረሚያ ቤቱ ልጅ ብቻውን እየሮጠ በሚያስበው ውስጥ ነው፤ ልጁ በመጨረሻ ማሸነፍ እየቻለ ሆን ብሎ ይቆማል። ኤልዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ኢትዮጵያዊው ልጅ ስለ ሰሎሞን በጻፈችው መጽሐፍም ትልቁ ሩጫ ስታዲየም ውስጥ አይደለም፤ አያቱ አዲስ አበባ ላይ ሲታመሙበት ወደ ቤቱ የሚሮጠው ረጅም መንገድ ነው።

ሯጩ ክልስ ልጅ ሲሆን ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል። በምዕራፍ አንድ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉታል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ሁለቱንም ደሙን ይቀበላል። መካከሉስ? ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ስም እስከ አያት ይጠየቃል፤ ጸሐፊው የባዕዱን አያት ስም እንደመሰለው ይጽፈዋል። የወላይታ ልጅ ከሆነ ከእናቱ እናት ጋር በወላይትኛ፣ በክፍል ውስጥ በአማርኛ፣ ከአባቱ ጋር በስልክ በሦስተኛ ቋንቋ ያወራል። አንድ ማክሰኞ ማንም አይሰድበውም፤ ግን ፀጉሩን ይነኩታል። እንዲህ ያሉ ቀናት የሌሉበት መጽሐፍ ልጁን ችግር እንጂ ሰው አላደረገውም።

ቦታም በዚሁ ይፈተናል። ታሪኩ በወላይታ ሶዶ ከተማ ያለችው ኦቶና ላይ ከሆነ ደራሲው ሶዶን ይወቃት። ሶዶ የእግር ኳስ ከተማ ናት፤ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን በፍፁም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣ ክለብ ነው። እኩዮቹ ኳስ ሲያሳድዱ ብቻውን ወደ ዳሞታ ተራራ የሚሮጥ ልጅ በመልኩ ብቻ ሳይሆን በምርጫውም ይለያል። ይህን ያልጻፈ ሰው ደራርቱንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራችውን የሯጮች ከተማ በቆጂን ወስዶ ኦቶና ብሎ ጠርቷታል። በክረምት ቀዩ ጭቃ ጫማ ላይ ሲጣበቅ እርምጃ እንዴት እንደሚያጥር፣ አቀበቱ ከእንሰቱ ጓሮ በላይ እንዴት እንደሚጠና መግባት አለበት። ዳሞታ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፤ በአንድ አንቀጽ አይወጣም።

የድሮዎቹ ባለሙያዎች መካከሉን አይንቁም ነበር። ኃይሌን፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ለድል ያበቁት አሠልጣኝ ወልደመስቀል ኮስትሬ በጥብቅነታቸው ይታወሳሉ፤ ጥብቅነታቸውም የሚታየው ካሜራ በሌለበት በየማለዳው ልምምድ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲያነብ አድማጭ የጉዱ ካሳን ክርክር ከሰብለ ስደት ባላነሰ ጉጉት ይጠብቅ ነበር፤ ወጋየሁ መጨረሻው ላይ ለመድረስ አልተቻኮለም። በዓሉ ግርማ፣ ከህንዳዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው፣ «ሐዲስ»ን ሲጽፍ ታሪኩን የተከለው ራሱ ባደገባት በሱጴ ቦሮ ምድር ላይ ነው፤ አፈሩን በሚያውቀው ቦታ።

የአሜሪካዊው ጄሰን ሬይኖልድስ «ጎስት» እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ መጨረሻው ውድድሩ ሲጀመር ነበር፤ ተኩሱ ይሰማል፣ መጽሐፉ ያልቃል። ማን እንዳሸነፈ አይነገርም። «አልጨረሰውም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልጁ ግን ከዚያ በፊት በስርቆቱ፣ በአሠልጣኙ ቁጣና በልምምዱ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሬይኖልድስ ሪባኑን መዝለል የቻለው መካከሉን ስላልዘለለ ነው።