ሐይቁን በየስንት ጊዜ እንለካው?

ዳታ ሎገር የሚተክል ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ባትሪው ነው። በየስንት ደቂቃው ይለካ የሚለውም ከዚያ ተነሥቶ ይወሰናል። ይህ ቅደም ተከተል አይዋጥልኝም። መነሻው ውኃው ላይ ያለው ፈጣን እንቅስቃሴ መሆን አለበት፤ ልናጠናው ያሰብነው ባይሆንም እንኳ።

ባሕር ዳር ላይ የጣናን ከፍታ የምንለካው ብዙውን ጊዜ ለወራት ጉዳይ ነው፦ ክረምቱ ምን ያህል ሞላው፣ በጨረጨራ ግድብ ወደ ዓባይ፣ በውኃ ማስተላለፊያው ዋሻ ወደ በለስ ስንት ወጣ። ለዚህ በቀን አንድ ንባብ የሚበቃ ይመስላል። ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሞገድ ያመጣል (ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ጀልባ በጠዋት መውጣት የሚወደው ለዚሁ ነው)። በ3 ሰከንድ የሚመላለስ ሞገድ በየ4 ሰከንዱ ቢለካ፣ መዝገቡ ላይ 12 ሰከንድ የሚፈጅ ዝግ ያለ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ሐይቁ ላይ እንዲህ ያለ ሞገድ የለም። ኤሊያሲንግ የሚባለው ይህ ነው፤ አንዴ ከተመዘገበ ከእውነተኛው የሚለይበት ምልክት የለውም።

ናይኩዊስትና ሻነን ያቆዩልን ሕግ ከፈጣኑ እንቅስቃሴ ከእጥፍ በላይ ለካ ይላል። እጥፍ ግን ድንበሩ ነው፤ እኔ ከ5 እስከ 10 እጥፍ እወስዳለሁ። ሞገድን በዚያ ፍጥነት ለወራት መቅዳት ስለሚከብድ፣ ከመለካቱ በፊት ማስቀረት ይሻላል። ሴንሰሩን ከታች ጠባብ ቀዳዳ ባለው ቧንቧ ውስጥ ማስገባት ነው። ውኃው በቀዳዳው ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ የሰከንዶቹ ሞገድ ውጭ ይቀራል፤ የሐይቁ መሙላትና መጉደል ግን ይገባል። ቀዳዳው በደለል ሲደፈን የመዝገቡ መስመር ይበልጥ ያምራል፤ ስለዚህ መዝገቡ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ወርጄ ቧንቧውን እጠርጋለሁ።

የውኃን ከፍታ ከላይ ሆኖ ለሚለካ ሳተላይት ግን ቧንቧ አይተከልለትም። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጠቀው ቶፔክስ ፖሲዶንና በእግሩ የተተኩት ጄሰን የተባሉ ሳተላይቶች በመንገዳቸው ላይ ወደ አንድ ቦታ ይመለሱ የነበረው በ9.9156 ቀን ነው። ከ10 ቀን ስለሚያንስ በመጡ ቁጥር 2 ሰዓት ያህል ይቀድሙ ነበር። ነፋሱ በየ24 ሰዓቱ ውኃውን ወደ አንድ ዳር ገፍቶ ሲመልስ፣ እነሱ ዘንድ 117 ቀን ተኩል የሚፈጅ ዑደት ሆኖ ይመዘገብ ነበር። ከክረምታችን ርዝመት ጋር ጥቂት ቀን ብቻ ይለያያል! ከሳተላይት በመጣ መረጃ ላይ የአራት ወር ገደማ ዑደት ሳይ፣ የዝናቡን መዝገብ ከመግለጤ በፊት ዳር ላይ በየሰዓቱ የተለካውን አወጣለሁ።