የስፔክትረም መስመር ቁመት መቼ ይታመናል?

የኤሌክትሪክ ሞገድ ትንተና ጥራት የሚታወቀው የእያንዳንዱ ድግግሞሽ ከፍታ ወደ ቮልት ተመልሶ ሲሰላ ልክ ሲመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት የሚገባውን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መስመር እንውሰድ። 220 የአርኤምኤስ ዋጋ ነው፤ የሞገዱ ጫፍ 311 ቮልት ይደርሳል። ይህንኑ ሞገድ በኤፍኤፍቲ ተንትኖ ውጤቱን በናሙናዎቹ ብዛት ብቻ ያካፈለ ሰው ግን 50 ኸርዝ ላይ 155.6 ያነባል፤ ስሌቱ ከፍታውን ለአዎንታዊውና ለአሉታዊው ድግግሞሽ እኩል ያካፍላልና። የሃን መስኮት ተጠቅሞ ካላካካሰ ንባቡ እንደገና በግማሽ ወርዶ 77.8 ይሆናል። አራቱም ቁጥሮች ከአንድ ሶኬት የወጡ ናቸው። ስለዚህ የትኛው ስሌት እንደተሠራ የማይናገር ሪፖርት ገና ከጅምሩ ጎዶሎ ነው።

ሃርሞኒክ የሚመዘነው ከመሠረታዊው ሞገድ አንጻር በመቶኛ ስለሆነ የጋራው ስህተት ይጣፋል የሚሉ አሉ። ሁሉንም መስመር እኩል ለሚያባዛ ስህተት ክርክሩ ትክክል ነው፤ ሁሉም ስህተት ግን እኩል አይደለም። 200 ሚሊሰከንድ ርዝመት ያለው ተራ መስኮት ድግግሞሾችን በየ5 ኸርዝ ይለካል። መስመሩ ወደ 49.8 ኸርዝ ቢወርድ መሠረታዊው ከመለኪያ ነጥቡ የሚርቀው በ0.2 ኸርዝ ነው፤ ከከፍታውም 0.3 በመቶ ያህል ብቻ ያጣል። 11ኛው ሃርሞኒክ ግን በ2.2 ኸርዝ ይርቃል፤ ከሌሎቹ መስመሮች የሚፈስበትን ሳንቆጥር 29 በመቶ ያህል ይጎድላል። ይህ ጉድለት በመቶኛ ስሌት አይጣፋም። አይኢሲ 61000-4-7 የተባለው ደረጃ ለ50 ኸርዝ መስመር መስኮቱ 10 ሙሉ ዑደት እንዲይዝና ከመስመሩ ድግግሞሽ ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚያዝዘውም ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ትክክለኛ ውጤት ስህተት መስሎ የሚጣልበት ጊዜም አለ። ጫፉ 100 ቮልት የሆነ አራት ማዕዘን ሞገድ ሲተነተን የመሠረታዊው ጫፍ 127.3 ቮልት ይሆናል። ክፍል ከሙሉው እንዴት ይበልጣል? በሞገዱ ግማሽ ዑደት ወገብ ላይ 3ኛው ሃርሞኒክ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚቆም ከመሠረታዊው ይቀንሳል፤ 5ኛው ይደምራል፤ 7ኛው እንደገና ይቀንሳል፤ ድምሩም 100 ላይ ይረጋል። ስለሆነም ጫፍን ከጫፍ ማስተያየት ፍርድ አይሆንም። ሁነኛው ሚዛን የየመስመሩን አርኤምኤስ በራሱ አባዝቶ መደመር ነው፤ ድምሩ ከሙሉው ሞገድ አርኤምኤስ ስኩዌር ጋር መግጠም አለበት። የሃን መስኮት ከፍታው ከተካካሰ በኋላ ድምሩ በ1.5 ይካፈላል። ይህን ፈተና ያላለፈ ስፔክትረም፣ መስመሮቹ የቱንም ያህል ጥርት ብለው ቢታዩ፣ ለጥገናም ሆነ ለክርክር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።