«ዌስት ዊንግ» ዛሬም ሊታይ ይገባዋልን?

ብዙ የተመሰገነ ድርሰት ዕድሜው ሲገፋ ሁለት ዓይነት ተመልካች ይገጥመዋል። አንደኛው ሥራው አዲስ በነበረበት ጊዜ ያየው ሰው ነው፤ ይህ ሰው ድርሰቱን ከራሱ የወጣትነት ዘመን ለይቶ መመልከት ስለማይሆንለት ፍርዱን እንዳለ ለመቀበል ያስቸግራል። ሁለተኛው ከኋላ የመጣው ወጣት ነው፤ እርሱም ምስጋናውን አስቀድሞ ስለ ሰማ ገና ሳያየው ይሰለቸዋል። «ዌስት ዊንግ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ዛሬ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ድራማው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1999 እስከ ሜይ 2006 ድረስ በኤን ቢ ሲ ጣቢያ በሰባት ምዕራፍ ታየ፤ ከ150 የሚበልጡ ክፍሎች አሉት፤ ከ2000 እስከ 2003 ድረስም ለምርጥ ድራማ የሚሰጠውን የኤሚ ሽልማት አራት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። ይህን ያህል ሰዓት ለአንድ ድራማ መስጠት ለሥራ ሰው ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ዛሬም ሊታይ ይገባዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የእኔ መልስ ይገባዋል የሚል ነው፤ ነገር ግን ይገባዋል የምለው አብዛኛው ሰው በሚያመሰግንበት ምክንያት አይደለም። አመስጋኞቹ የሚሉት፣ ድራማው ደግና ዐዋቂ መሪ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆኑም አማካሪዎች ቢገኙ መንግሥት ምን ሊመስል እንደሚችል ያሳያል ነው። በዚህ በኩል ድራማው አርጅቷል። ያላረጀው ሌላ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ሥራ በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ማሳየቱ፣ ቀጥሎም ከበሩ ውጭ ቆሞ ደጅ የሚጠናውን ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም ደራሲው ሳያስበው፣ ወደ ውስጥ ማስገባቱ ነው።

ላላዩት ሰዎች ጥቂት ልናገር። ርእሱ በዋሽንግተን ከፕሬዚዳንቱ መኖሪያ በስተ ምዕራብ ካለው የጽሕፈት ቤት ሕንፃ የተወሰደ ሲሆን «የምዕራቡ ክንፍ» ማለት ነው። ደራሲው አሮን ሶርኪን ናቸው። ማርቲን ሺን የሚጫወቱት ፕሬዚዳንት ጆሳያ ባርትሌት የኒው ሃምፕሺር አገረ ገዥ የነበሩ፣ በኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ሰው ናቸው። የጽሕፈት ቤታቸው ዋና ሹም ሊዮ ማክጋሪ፣ በእኛ አገር የቀድሞ ማዕርግ ቢሆን ጸሐፌ ትእዛዝ ልንላቸው የምንችል፣ በጆን ስፔንሰር የተያዙ ናቸው። ከእነርሱ ሥር ከጋዜጠኞች ጋር የምትነጋገረው ሲ ጄ ክሬግ፣ ንግግር የሚያዘጋጀው ቶቢ ዚግለር፣ ከምክር ቤቱ ጋር የሚሟገተው ጆሽ ላይማን፣ ሌሎችም አሉ።

ድራማው በተለይ የታወቀው ሰዎቹ በመተላለፊያው እየተራመዱ በመነጋገራቸው ነው። ይህን መልክ የሰጡት አዘጋጁ ቶማስ ሽላሚ ሲሆኑ፣ ብዙ ሰዎች ለዐይን ማስደሰቻ ብቻ የተደረገ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አይበታለሁ። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ጉዳይ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ አይደለም። ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው እዚያ ይሁን እንጂ፣ ነገሩ ያለቀው ቀደም ብሎ በደረጃው ላይ፣ በበሩ አጠገብ፣ አንዱ ለሌላው «ይህን ለአለቃ ከማቅረብህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ» ባለው ጊዜ ነው። ረቂቁ ስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ አንድ ቃል በሌላ ቃል ስለ መለወጡ ሰዎች እንዴት ሌሊቱን እንደሚያመሹ፣ የበላዩ የማያውቀውን ነገር ከታናሹ ሲጠይቅ እንደማያፍር፣ ይህን ሁሉ ድራማው በትዕግሥት ያሳያል። በሌላ የፖለቲካ ድራማ ሹማምንት ሲሸፍጡ እንጂ ሲሠሩ አናይም።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ማለቂያ ገደማ ያለ አንድ ክፍል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በፍርሃት ደክሞ፣ ማንንም ላለማስቀየም ሲል ምንም ሳይሠራ መቅረቱን የሚናገር ማስታወሻ ከእጅ ወጥቶ ጋዜጠኞች ዘንድ ይደርሳል። ሊዮ ማክጋሪ ማስታወሻው እውነት መሆኑን ያውቃሉ፤ ፕሬዚዳንቱም ያውቃሉ። ሁለቱ ብቻቸውን በዝግ ክፍል ሲገናኙ ሊዮ ለአለቃቸው ፊት ለፊት፣ ፈሪው እርስዎ ነዎት፣ እኛም የፈራነው ስለ ፈሩ ነው ይሏቸዋል። ከዚያ ክፍል ሲወጡ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። በዝግ በር እውነትን መናገርና በአደባባይ መታዘዝ እንዴት በአንድ ሰው ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ ይበልጥ ያሳየኝ ትርዒት አላጋጠመኝም። በሥራ ላይ ያለ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ክፍል ብቻ ቢያይ ጊዜው አልባከነም እላለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንለፍ። ሶርኪን የሰው ሁሉ አፍ በአንድ እጅ የተቀረጸ ያህል ያናግራሉ። ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ወዳጁም ተቃዋሚውም የሚናገሩት በአንድ ፍጥነትና በአንድ ጨዋታ ዐዋቂነት ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ በድራማው ዓለም ጥሩ ዐረፍተ ነገር የተናገረ ያሸንፋል፤ የተረታውም ዝም ይላል። በእውነተኛው ዓለም የተረታ ሰው ዝም ብሎ አያውቅም፤ ወደ ቤቱ ሄዶ ሌላ ማመልከቻ ይጽፋል። ሴቶቹም፣ ከሲ ጄ በቀር፣ ተመልካቹ ያልገባውን ነገር ለመጠየቅ ብቻ የቆሙ እስኪመስሉ ድረስ ማብራሪያ ሲቀበሉ ይውላሉ። በ2001 ከሴፕቴምበር 11ዱ አደጋ በኋላ በጥድፊያ የተዘጋጀው «ይስሐቅና ይስማኤል» የተባለው ልዩ ክፍል ደግሞ ድራማነቱ ቀርቶ ለተማሪዎች የተሰጠ ስብከት ሆኗል። መምህራን ይህን ቢያዩት፣ ማስተማር የሚፈልግ ድርሰት እንዴት ሊደርቅ እንደሚችል ለመረዳት ይጠቅማቸዋል እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ድራማው ከፍ የሚለው ንግግር አልበቃ ሲል ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ላንዲንግሃም በመኪና አደጋ ከሞቱ በኋላ፣ ባርትሌት በባዶ ካቴድራል ውስጥ ቆመው እግዚአብሔርን በላቲን ቋንቋ ይወቅሳሉ። ትርጉሙ በመስኮቱ ግርጌ አልተጻፈም። ይህ ለአንዳንዱ ተመልካች እንቆቅልሽ ይሆን ይሆናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሴን በግእዝ ቆሞ የሰማ ሰው ግን ያ ንግግር ለምን በዕለት ቋንቋ ሊነገር እንዳልቻለ ሳይተረጐምለት ይገባዋል።

ከላይ ደጅ ስለሚጠናው ሰው አንሥቻለሁ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በ1837 ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝን አይብ በቤተ መንግሥቱ አስቀምጠው ሕዝቡን ስላበሉ፣ ሊዮ ማክጋሪ ያንን አብነት አድርገው በአንድ ቀን ማንም የማይሰማቸው ባለ ጉዳዮች ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲገቡ ያዛሉ። ሠራተኞቹ ቀኑን ይጠሉታል፤ ደራሲውም ለሣቅ ያደረጉት ይመስላል። እንግዲህ በ2001 በታየው ክፍል ሲ ጄ ካርታ ሠሪዎችን ታነጋግራለች። እነርሱም በ1569 መርካቶር ያወጣው የካርታ አሣሣል ግሪንላንድን ከአፍሪካ ጋር እኩል አስመስሎ እንደሚያሳይ፣ በእውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል እንደምትበልጥ ያስረዷታል። በመጨረሻም ደቡቡን ወደ ላይ ገልብጠው ሲያሳዩዋት ትደናገጣለች። አሜሪካዊው ተመልካች በዚህ ይሥቅ ነበር። ነገር ግን ያ ካርታ በስንቱ የእኛ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ትውልድ እንደተማረበት መምህራን ያውቃሉ። መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም በኦገስት 2025 የመርካቶር ካርታ በትክክለኛው እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። ለጨዋታ የገቡት እንግዶች ከአሳሣቂዎቻቸው ይልቅ ዕድሜ አገኙ።

ስለ አፍሪካ ከተነሣ፣ በኦክቶበር 2000 የታየውን ክፍል ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ኢኳቶሪያል ኩንዱ የተባለች የፈጠራ አገር ፕሬዚዳንት ኒምባላ የኤድስ መድኃኒት ዋጋ እንዲቀነስላቸው ከመድኃኒት ሠሪ ኩባንያዎች ጋር ለመነጋገር ወደ ዋሽንግተን ይመጣሉ። የሚጫወቷቸው ታላቁ የደቡብ አፍሪካ ተዋናይ ዜክስ ሞካኤ ናቸው፤ ዝምታቸው ብቻ ከሌሎቹ ንግግር ሁሉ ይከብዳል። ድርድሩ ሳያልቅ በአገራቸው መፈንቅለ መንግሥት ይደረጋል። ባርትሌት ጥገኝነት ቢያቀርቡላቸውም ኒምባላ አገሬ እመለሳለሁ ብለው ይሄዳሉ፤ እንደ ደረሱም ይገደላሉ። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ሆኖም በዚያው ክፍል አይንስሊ ሄይዝ የተባለች የተቃዋሚው ወገን ጠበቃ ሥራ ቀርቦላት ስታመነታ ቆይታ፣ ሠራተኞቹ በኒምባላ ጉዳይ እንዴት እንዳዘኑ አይታ መልካም ሰዎች መሆናቸውን ትመሰክራለች። የአንድ አፍሪካዊ መሪ ሞት የሌላ አገር ባለ ሥልጣናት ደግነት መመልከቻ መስተዋት ሆነ ማለት ነው። ደራሲው ይህን በክፋት አደረጉት አልልም፤ አይተውት እንደማያውቁ ግን ይታየኛል።

በዚሁ ክፍል ውስጥ መድኃኒቱ በተወሰነ ሰዓት መዋጥ እንዳለበት ሲነገር፣ አፍሪካውያን የእጅ ሰዓት ስለሌላቸው ይህ እንደማይሆን ይነሣል። ተመልካች ይህን የድራማ ቃል ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዳሩ ግን በ2001፣ የዩኤስኤይድ ኀላፊ የነበሩት አንድሩ ናትሲዮስ፣ ብዙ አፍሪካውያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት አይተው አያውቁም ብለው ይህንኑ ምክንያት በእውነተኛው ሸንጎ ተናግረውታል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ በሚቈጥር፣ ደወልና አዛን በሚያነቃው አገር፣ ከጧቱ በ1 ሰዓት የዋጡትን ከምሽቱ በ1 ሰዓት ለመድገም ምን ያህል ጭንቅ እንደሚኖር አንባቢው ራሱ ይፍረድ። በ2006 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒታቸውን በሚገባ የሚወስዱት በሰሜን አሜሪካ ከመቶ 55፣ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ግን ከመቶ 77 ነበሩ።

በ2003 በፌብሩዋሪ ወር ኩንዱ እንደገና ትመለሳለች፤ አሁን በዘር ማጥፋት ተነክራለች፤ የ1994ቱን የሩዋንዳን እልቂት የማያስታውስ ተመልካች የለም። ባርትሌት ለአንድ ወጣት ንግግር ጸሐፊ፣ የኩንዱ ሰው ሕይወት ከአሜሪካዊው ሕይወት ይልቅ ለእኔ ለምን ያንሣል ብለው ይጠይቁታል። ወጣቱም ምክንያቱን እንደማያውቅ፣ ማነሡ ግን እውነት መሆኑን ይመልሳል። በድራማው ውስጥ በአጭር ቃል የተሰጠው ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ ጌጥ የለበትም፤ አለቃውንም አያባብልም።

እዚህ ላይ ደራሲው ያላሰቡት አንድ ነገር አለ። ይህ ክፍል ከመታየቱ ቀናት አስቀድሞ፣ በጃንዋሪ 2003 የእውነተኛው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለኤድስ በሽተኞች ትልቅ የርዳታ ዕቅድ አቀረቡ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተረጂ አገሮች አንዷ ሆነች፤ በ2005ም መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መታደል ጀመረ። ቡሽ ከባርትሌት ተቃራኒ ወገን ነበሩ፤ በንግግር ችሎታቸውም የተመሰገኑ አልነበሩም። አንደበተ ርቱዑ ፕሬዚዳንት በድራማው ያልፈጸሙትን፣ ሌላው ፈጸሙት። ደግሞም በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን ሲያግድ፣ በጁላይ ወርም የዩኤስኤይድ ሥራ ሲያበቃ፣ በመተላለፊያው የሚወሰን ነገር በሩቅ አገር ያለ የጤና ጣቢያ በር ድረስ እንዴት እንደሚደርስ ሁላችንም አየን። የኒምባላን ክፍል ከዚህ በኋላ የሚያይ ሰው የሚያየው በ2000 የታየውን አይደለም፤ ያን ጊዜ የነበረው ተመልካች ለኒምባላ አዘነ፤ የዛሬው ግን ኒምባላ በዚያ ክፍል ተቀምጠው ምን እየጠበቁ እንደነበረ ያውቃል።

ጊዜ የሌለው ሰው ከየት ይጀምር ለሚለው፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ሙሉውን፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ደግሞ እየመረጠ እንዲያይ እመክራለሁ። ሶርኪንና ሽላሚ በ2003 ሥራውን ለቀው ስለ ሄዱ አምስተኛው ምዕራፍ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ነው፤ ሊታለፍ ይችላል። በሰባተኛው ግን ጂሚ ስሚትስና አላን አልዳ የሚጫወቱት የሁለት ተወዳዳሪዎች ምርጫ አለ፤ በተለይ አልዳ የተቃዋሚውን ወገን ሽማግሌ ሲጫወቱ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት የሚከራከር ሰው በመጨረሻ ተገኘ ያሰኛል። ጆን ስፔንሰርም ያ ምዕራፍ ሳይጠናቀቅ በዲሴምበር 2005 ስለ ሞቱ፣ ሊዮ ማክጋሪም በዚያው በድራማው ውስጥ አርፈዋል።