«ተግባቦት» የሚለው ስያሜና የሻነን ንድፍ

ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን፣ በ1949 ከዊቨር ማብራሪያ ጋር በመጽሐፍ የታተመውን ንድፍ «የተግባቦት ሞዴል» ሲሉት እናያለን። ስያሜው ግን ከንድፉ ጋር አይስማማም። «ተግባባ» ተደራራጊ ግስ ነው፤ ሁለት ወገኖችንና የሠመረ መረዳዳትን ይጠይቃል። ንድፉ የሚመረምረው ግን ምልክት ከላኪ ወደ ተቀባይ መድረሱን እንጂ ትርጉሙን አይደለም።

መቀሌን እንመልከት። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ የከተማዪቱ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ላኪም ተቀባይም ሳሉ የጠፋው መስመሩ ነው፤ ይህን ንድፉ በሚገባ ያስረዳል። በ2015 ዓ.ም. መስመሩ ሲቀጠል የተመለሰው መተላለፉ ነው፤ ተነጋጋሪዎቹ መግባባት አለመግባባታቸው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ተርጓሚ ይህን ልዩነት ይሰውርብናል። የትግርኛው «መራኸቢ» እና የአማርኛው «መገናኛ» ከመገናኘት እንጂ ከመግባባት ስላልተነሡ ከዚህ ጉድለት የጸዱ ናቸው።

ስለዚህ ለሻነን ንድፍ «የመልእክት ማስተላለፍ ሞዴል» እንዲባል፣ «ተግባቦት» ግን ምላሽንና የጋራ ትርጉምን ለሚመረምሩ ንድፎች እንዲጠበቅ እናሳስባለን። «ጫጫታ» የተባለውም «አዋኪ» ቢባል ይሻላል፤ መልእክትን የሚያውክ ሁሉ በጆሮ አይሰማምና።